የሎርድ ኬይንስ ታሪክ፤ ስለ ገንዘብ ክብርና ስለ ሠራተኛ እንጀራ

ገንዘብ ለሰው የሚጠቅመው ዋጋው ጸንቶ ሲኖር መሆኑን ማንም ያውቀዋል። ዛሬ በአንድ ብር የተገዛው እህል ለከርሞ በሦስት ብር የማይገኝ ከሆነ ደመወዝተኛው ይራባል፤ ለሽማግሌና ለድኻ አደግ የተቀመጠውም ጥሪት እንደ ጤዛ ይጠፋል። ነገር ግን የገንዘብን ዋጋ ለማጽናት ሲባል ወለድ ከፍ ብሎ፥ ብድር ታግዶ፥ ፋብሪካ ተዘግቶ፥ ጤናማና ጎበዝ የሆነ ሰው እጁን አጣጥፎ በየመንገዱ የሚቆም ከሆነ፥ ያ የጸና ገንዘብ የጸናው በማን ኪስ ውስጥ ነው? ይህ ሁለት ፊት ያለው ጥያቄ የኤውሮፓን መንግሥታት ከመቶ ዓመት በላይ ሲያስጨንቅ ኖሯል። እኛም ዛሬ ዕድሜውን ሁሉ በዚህ ጥያቄ ላይ ያዋለውን የአንድ እንግሊዛዊ ሊቅ ታሪክ ለአንባብያን ለመንገር አስበናል። ዓመቶቹንና ወሮቹን የምንቈጥረው በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ጆን ሜይናርድ ኬይንስ በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ከተማ በ1883 ጁን 5 ቀን ተወለደ። አባቱ ጆን ኔቪል ኬይንስ በከተማይቱ ታላቅ ትምህርት ቤት የአመክንዮና የሀብት አስተዳደር መምህር ነበረ። እናቱ ፍሎረንስ ኤዳ ደግሞ ሴቶች ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት መግባት ገና ብርቅ በሆነበት ዘመን የተማረች፥ ስለ ከተማይቱ ድኆች የምትደክም፥ በኬምብሪጅም ማዘጋጃ ቤት ምክር የመጀመሪያይቱ ሴት አባል የሆነች፥ በኋላም በ1932 የከተማይቱ ከንቲባ ለመሆን የበቃች ሴት ናት። ልጁ ከአባቱ የቍጥርንና የክርክርን ጥበብ እንደ ወረሰ ሁሉ፥ ከቍጥር ወዲያ ሰው መኖሩን የተማረው ከእናቱ ይመስለናል።

በኢተን ትምህርት ቤት፥ ቀጥሎም በኬምብሪጅ በኪንግስ ኮሌጅ ተማረ። በ1905 በሒሳብ ፈተና 12ኛ ወጣ። በ1906 ለመንግሥት ሥራ በሚደረገው ፈተና ግን ከሁሉ ሁለተኛ ሆነ። አንደኛ የወጣው ኦቶ ኒሜየር የሚባል ጎልማሳ ነበረና የገንዘብ ሚኒስቴርን መርጦ ገባ፤ ለኬይንስ የተረፈው የህንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሆነ። አንባቢ ይህን ኒሜየር የተባለውን ስም ልብ ይበልልን፤ ከ19 ዓመት በኋላ እነዚሁ ሁለት ሰዎች በአንድ ማዕድ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ።

በህንድ መሥሪያ ቤት የቈየው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ህንድንም በዓይኑ አይቷት አያውቅም። ነገር ግን ስለዚያች አገር ገንዘብ አጥብቆ መርምሮ በ1913 አንድ መጽሐፍ አወጣ። የመጽሐፉ አሳብ፥ የህንድ ሩጲ ዋጋው ጸንቶ እንዲኖር በገበያ ላይ የወርቅ ገንዘብ መዞር አያስፈልገውም፥ ወርቁን ለውጭ ንግድ ማስቀመጥ ይበቃል የሚል ነበር። ይህ ለጊዜው የባንክ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን ወርቅ ጌታ ሳይሆን አገልጋይ ነው የሚለው አሳቡ የበቀለው ከዚህ ነው።

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ኬይንስም በ1915 ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ተጠርቶ እንግሊዝ ከአሜሪካ የምትበደረውንና ለጓደኞቿ የምታበድረውን ገንዘብ ሲያሰላ ቈየ። በ1919 የእርቅ ጉባኤ በፓሪስ ሲደረግ የሚኒስቴሩ እንደራሴ ሆኖ ሄደ። በዚያም ድል አድራጊዎቹ መንግሥታት ድል በሆነችው በጀርመን ላይ ልትከፍለው የማትችለውን ካሣ ለመጫን ሲስማሙ ባየ ጊዜ፥ ውሉ ሳይፈረም በጁን ወር ሥራውን ለቆ ወደ አገሩ ተመለሰ። በበጋው ወራት ተቀምጦ የጻፈው መጽሐፍ በዲሴምበር ታተመና በብዙ ቋንቋ ተተረጐመ፤ ስሙም በዓለም ሁሉ ታወቀ። በመጽሐፉ ያስረዳው፥ የኤውሮፓ አገሮች በንግድ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ስለ ሆነ አንደኛውን አደኽይቶ ሌላውን ማበልጸግ የማይቻል መሆኑን ነው። በ1921 ካሣው 132 ሚሊያርድ የወርቅ ማርክ ተብሎ ተቈረጠ፤ አንድ ሚሊያርድ አንድ ሺህ ሚሊዮን ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ በጀርመን የሆነውን የማያውቅ ጥቂት ነው። መንግሥቱ ወጪውን በግብር መሸፈን ባቃተው ጊዜ ወረቀት ገንዘብ ያለ ልክ አተመ። በ1923 ኖቬምበር አንድ የአሜሪካ ዶላር በ4 ሺህ 2 መቶ ሚሊያርድ ማርክ ይመነዘር ነበር። ዕድሜውን ሁሉ ሠርቶ ለእርጅናው ያስቀመጠ መምህር ወይም ጸሐፊ፥ ባስቀመጠው ገንዘብ አንድ ዳቦ እንኳ መግዛት አቃተው። የጀርመን ሕዝብ ይህን መከራ ከልጅ ወደ ልጅ እየተረከ እስከ ዛሬ ድረስ አልረሳውም።

ኬይንስም በዚያው በ1923 ዓመት ስለ ገንዘብ መሻሻል አንድ መጽሐፍ አወጣ። በዚህ መጽሐፍ ሁለቱን በሽታዎች በሚዛን አስቀመጣቸው። የገንዘብ ዋጋ ሲረክስ ገንዘብ ያስቀመጠ ሰው ይዘረፋል፤ ይህ ግፍ ነው። የገንዘብ ዋጋ ሲከብድ ደግሞ ዕቃው እየረከሰ ስለሚሄድ ነጋዴው ይከስራል፥ ፋብሪካው ይዘጋል፥ ሠራተኛው ይባረራል፤ ይህም ጥፋት ነው። ከሁለቱ የትኛው ይብሳል ቢሉት፥ በደኸየ ዓለም ውስጥ ባለ ገንዘቡን ከማስከፋት ይልቅ የሠራተኛውን ሥራ ማጥፋት የከፋ ነው ብሎ ፈረደ። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግዴታ አይደለም፥ ሁለቱም ሊታገዱ ይገባል አለ። ብዙ ሰዎች የመጀመሪያውን ፍርዱን ብቻ ይዘው ሁለተኛውን ስለ ረሱት፥ እስከ ዛሬ ድረስ ስለ እርሱ የሚነገረው ነገር እኩሌታው ስሕተት ነው።

አሁን ወደ 1925 ደርሰናል። ከጦርነቱ በፊት የእንግሊዝ ፓውንድ በወርቅ ልክ የታሰረ ነበር፤ አንዱም በ4 ዶላር ከ86 ሳንቲም ይመነዘር ነበር። በጦርነቱ ምክንያት ይህ ሥርዓት ተፈታ። የለንደን ባንኮች መኳንንት፥ ከእነርሱም ዋናው የእንግሊዝ ባንክ ገዥ ሞንታግዩ ኖርማን፥ የአገራቸው ክብር የሚመለሰው ፓውንድ ወደ ቀድሞ ዋጋው ሲመለስ ነው ብለው ያምኑ ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል ነበር። እርሱም ስለ ነገሩ ስላመነታ በማርች 17 ቀን ምሽት የሁለቱን ወገን ሊቃውንት እራት ጠርቶ አከራከራቸው። በወርቅ በኩል ከቆሙት አንዱ ያ አንደኛ የወጣው ኦቶ ኒሜየር ነበር፤ በተቃዋሚው በኩል ደግሞ ኬይንስ ነበር። በዚያ ምሽት ኬይንስ ሊያሳምን አልቻለም። በአፕሪል 28 ቀን ቸርችል ፓውንድ ወደ ጥንቱ የወርቅ ዋጋ መመለሱን ለፓርላማ አስታወቀ።

ነገሩን በምሳሌ ብናስረዳ ይሻላል። በ1924 አንድ ፓውንድ በ4 ዶላር ከ40 ሳንቲም ግድም ይመነዘር ነበር። እንግዲህ በአንድ ፓውንድ የሚሸጥ የድንጋይ ከሰል የውጭ አገር ገዥውን ያንኑ ያህል ያስወጣዋል። በአዲሱ ምንዛሪ ግን ያው ከሰል ሳይጨምር ሳይቀንስ 4 ዶላር ከ86 ሳንቲም ሆነ። ገዥውም ዘወር ብሎ የሌላ አገር ከሰል ይገዛል። እንግሊዛዊው ባለ ማዕድን ገበያውን እንዳያጣ ዋጋውን ከመቶ አሥር እጅ ያህል መቀነስ አለበት። ከምን ይቀንስ? ከቈፋሪው ደመወዝ ነዋ! እንዲህ ሆኖ በለንደን በአንድ አዳራሽ ውስጥ የተቈረጠው የምንዛሪ ዋጋ፥ በዌልስና በዮርክሻየር ከምድር በታች ተንበርክኮ በሚቈፍረው ሰው ጫንቃ ላይ ወደቀ። ኬይንስም ወዲያው በጁላይ ወር አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ ይህንኑ ገለጠ። ቈፋሪው ከሌሎች ሠራተኞች ይልቅ ምን በደለ? በደሉ ከሰሉ ወደ ውጭ አገር የሚሸጥ መሆኑ ብቻ ነው። የሁሉም ሰው ደመወዝና የሁሉም ዕቃ ዋጋ በአንድ ቀን በትእዛዝ ቢቀነስ ማንም ባልተጐዳ ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለም። ያለው መሣሪያ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ወለድን ከፍ አድርጎ ሥራን ማሳጣት፥ ሥራ ያጣውም ሰው በራብ ተገዶ ያነሰ ደመወዝ እስኪቀበል ድረስ መጠበቅ ነው።

የተናገረውም ደረሰ። ባለ ማዕድኖቹ ደመወዝ ይቀነስ፥ የሥራም ሰዓት ይጨመር አሉ። መንግሥት ዘጠኝ ወር ያህል በድጎማ ነገሩን አቈየው፤ ድጎማው በ1926 አፕሪል መጨረሻ ባለቀ ጊዜ ማዕድኖቹ ተዘጉ። ከሜይ 4 ቀን ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ የባቡር፥ የወደብ፥ የማተሚያ ቤትና የሌላም ሥራ ሠራተኞች ለቈፋሪዎቹ ሲሉ ሥራቸውን አቆሙ። ዘጠኝ ቀን ቈይተው ተመለሱ። ቈፋሪዎቹ ግን ብቻቸውን እስከ ክረምቱ መግቢያ ጸንተው ከቈዩ በኋላ፥ ልጆቻቸው ስለ ተራቡ ባነሰ ደመወዝና በረዘመ ሰዓት ወደ ጕድጓዳቸው ተመለሱ። ቸርችል ራሱ በኋለኛው ዘመኑ በዚህ ሥራው ተጸጽቷል።

እዚህ ላይ ታሪኩን ጥቂት አቁመን ወደ እኛ ዘመን ብንመለከት አይከፋም። ብዙ የኤውሮፓ መንግሥታት የየራሳቸውን ገንዘብ ትተው ኤውሮ በሚባል በአንድ ገንዘብ ሲስማሙ፥ በ1998 በፍራንክፈርት ከተማ የተቋቋመው የጋራ ባንካቸው በሕግ የታዘዘው ከሁሉ አስቀድሞ የዋጋን ጽናት እንዲጠብቅ ነው፤ ሰውን ሁሉ ሥራ የማስያዝን ዓላማ የሚረዳውም ይህን የመጀመሪያ ግዴታውን ሳይነካ ነው። ይህን የመሰለ ሕግ የጻፉት ሰዎች የ1923ቱን ማርክ አስታውሰው እንደ ሆነ አያጠራጥርም። ከ2010 ጀምሮ ግን የግሪክ መንግሥት በዕዳ በተያዘ ጊዜ፥ ብቻዋን የምትቀንሰው የገንዘብ ምንዛሪ ስላልነበራት ደመወዝና ጡረታ ተቀነሰ፤ በ2013 ሥራ ፈላጊ ከሆኑት ግሪኮች ከመቶው ከ27 የሚበልጡት ሥራ አጡ። የ1925ቱን የከሰል ቈፋሪዎች ያወቀ ሰው ይህን ሲሰማ አዲስ ነገር የሰማ አይመስለውም።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። በቋንቋችን ሥራ ፈት ማለት ስድብ ነው፤ መሥራት እየቻለ መሥራት የማይወድ ሰው ማለት ነውና። በእንግሊዝ አገርም ብዙ ባለጸጎች ሥራ ያጣውን ሰው ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩት ነበር፤ አነስተኛ ደመወዝ ቢቀበል ሥራ ያገኛል፥ አልቀበልም ያለው መንግሥት ስለሚደጕመው ነው ይሉ ነበር። ነገር ግን ከ1921 ጀምሮ የእነዚህ ሰዎች ቍጥር ከአንድ ሚሊዮን ያነሰበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። አንድ ሚሊዮን ሰው በአንድ ጊዜ እንዴት ሐኬተኛ ሊሆን ይችላል? ኬይንስ ይህን አስተያየት ተቃወመ። በ1929 ከሁበርት ሄንደርሰን ጋራ ሆኖ በጻፈው መጽሐፍ፥ መንግሥት ተበድሮ መንገድና ቤት፥ ስልክና የኤሌክትሪክ መሥመር ቢያሠራ ሥራ ያጡት ሥራ ያገኛሉ፥ ለእነርሱም ይከፈል የነበረው ድጎማ ይድናል ሲል አስረዳ። የገንዘብ ሚኒስቴር ሰዎች ግን፥ መንግሥት የሚበደረው ገንዘብ ነጋዴው ሊበደረው የነበረውን ነው፤ በአንድ በኩል የተሰጠው ሥራ በሌላ በኩል ይጠፋል ብለው መለሱ። ለዚህ ክርክር መልስ ያገኘው ሪቻርድ ካን የተባለ ወጣት ጓደኛው በ1931 ባወጣው ጽሑፍ ነው። መንገድ የሠራው ሰው በደመወዙ ጫማ ይገዛል፤ ጫማ ሰፊው በዚያ ገንዘብ ሥጋ ይገዛል፤ ባለ ሥጋውም እንዲሁ ሌላ ይገዛል። አንድ ሰው ያወጣው ገንዘብ ለሌላው ገቢ ስለ ሆነ፥ የመጀመሪያው ሥራ ሌላ ሥራ ይወልዳል። ይህ ለገበያተኛ ሁሉ ግልጥ ነገር ሆኖ ሳለ ለሊቃውንቱ ለማስረዳት ብዙ ዓመት መፍጀቱ ያስደንቃል።

በ1929 መጨረሻ መንግሥት ስለ ባንክና ስለ ንግድ የሚመረምር ጉባኤ አቋቁሞ ኬይንስን አባል አደረገው። በዚያም ጉባኤ የወለድ ከፍታ የዕቃን ዋጋ የሚያወርደው በምን መንገድ እንደ ሆነ ለብዙ ቀን አብራራ፤ መንገዱም ሰውን ሥራ ማሳጣት ነው። ሞንታግዩ ኖርማን ለምስክርነት በቀረበ ጊዜ በዚህ ነገር ላይ የሰጠው መልስ አጭርና ድፍን ነበር።

ወዲያው የዓለም ንግድ ወደቀ። በ1931 ሜይ በቪየና ታላቁ ባንክ ከሰረ፤ ድንጋጤው ወደ ጀርመን፥ ከጀርመንም ወደ ለንደን ተሻገረ። ወርቁ ከእንግሊዝ ባንክ ይጐርፍ ጀመር። በጁላይ መጨረሻ አንድ የመንግሥት መርማሪ ጉባኤ ባጀቱ እንዲስተካከል ሥራ ላጡ ሰዎች ከሚሰጠው ድጎማ ከመቶ ሃያ እጅ ይቀነስ ሲል አሳሰበ። የሠራተኛው ወገን መንግሥት ከመቶ አሥር እጅ ስለ መቀነስ ተከራክሮ ስላልተስማማ በኦገስት 24 ቀን ፈረሰ። የተከተለው መንግሥት ድጎማውን ቀነሰ፤ ይህ ሁሉ የተደረገው ፓውንድን በወርቅ ላይ ለማጽናት ነበር። አልጸናም። በሴፕቴምበር 21 ቀን እንግሊዝ የወርቅን ሥርዓት ተወች፤ በዓመቱ መጨረሻ ፓውንድ ወደ 3 ዶላር ከ40 ሳንቲም ግድም ወረደ። የዓለም ፍጻሜ ይሆናል ሲባል የነበረው ነገር ቢደርስ ምንም ሳይሆን ቀረ። እንዲያውም በ1932 ጁን የእንግሊዝ ባንክ ወለድን ከመቶ ወደ ሁለት አወረደ፤ በርካሽ ብድርም በየከተማው ቤት ይሠራ ጀመር። የድኻው ድጎማ የተቈረጠለት ነገር እንዲህ በአንድ ቀን የሚተው ከሆነ አስቀድሞ ስለምን ተቈረጠ? ለዚህ መልስ የሰጠ ሹም የለም።

በጀርመን ግን የሆነው ከዚህ የከፋ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሃይንሪሽ ብሩኒንግ ከ1930 እስከ 1932 ደመወዝንና ድጎማን በአዋጅ እየቀነሰ፥ ግብርን እየጨመረ፥ ማርክን በወርቅ ላይ አጸና። ካለፈው የዋጋ መርከስ መከራ የተነሣ ሕዝቡ ሌላ መንገድ ለመስማት ይፈራ ነበር። በ1932 መጀመሪያ ሥራ ያጡት ከ6 ሚሊዮን በለጡ፤ በ1933 ጃንዩዌሪ ሂትለር ሥልጣን ያዘ። በዚያው ዘመን በስዊድን የገንዘብ ሚኒስትሩ ኤርንስት ቪግፎርስ ከ1932 ጀምሮ መንግሥት ተበድሮ በተገቢ ደመወዝ ሥራ እንዲያሠራ አደረገ፤ ስዊድንም ነፃነቷን አላጣችም። አንዱን ምክንያት ብቻ ይዞ የታላቅ ጥፋትን ታሪክ መተረክ እንደማይገባ እናውቃለን፤ ቢሆንም እነዚህን ሁለት አገሮች ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል።

ኬይንስ አሳቡን ሁሉ አጠቃሎ በ1936 ፌብሩዌሪ ስለ ሥራ፥ ስለ ወለድና ስለ ገንዘብ ትልቁን መጽሐፉን አወጣ። መጽሐፉ ለማንበብ አስቸጋሪ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን ከባድ አይደለም። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ገንዘቡን ቢይዝ የሚገዛ ስለሚጠፋ ሁሉም ይደኸያል፤ ገበያም ብቻውን ቢተው ብዙ ሰው ሥራ አጥቶ ሳለ ረግቶ ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ ነጋዴው በፈራ ጊዜ መንግሥት ሊያወጣ ይገባል። በዚያው ዓመት በኦክቶበር መርከብ መሥሪያው ከተዘጋበት ከጃሮው ከተማ 200 ያህል ሰዎች ሥራ ይሰጠን ለማለት በእግራቸው እስከ ለንደን ሄዱ። ርካሹ ወለድ በደቡብ ቤት ቢያሠራም ወደ እነርሱ አልደረሰም ነበር።

ይህ ሰው በመጽሐፍ ብቻ የኖረ አይደለም። በ1925 ሊድያ ሎፖኮቫ የምትባል በጭፈራ ጥበብ የታወቀች የሩስያ ተወላጅ አገባ፤ ዘመዶችና ወዳጆች ብዙ ቢያሙም ትዳሩ እስከ ሞት ጸና። በምንዛሪና በአክሲዮን ንግድ ከአንድ ጊዜ በላይ ከስሮ እንደ ገና በለጸገ፤ ከሀብቱም በኬምብሪጅ የቴአትር ቤት አሠራ። የኮሌጁንም ገንዘብ ለብዙ ዓመት በትጋት አስተዳደረ። በክርክር ጊዜ ምላሱ እንደ ምላጭ ስለ ነበረ ያቈሰላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። አሳቡን ቶሎ ይለውጣል ብለውም ይነቅፉት ነበር፤ እውነትም በ1931 መጀመሪያ በውጭ ዕቃ ላይ ቀረጥ ይጨመር ብሎ፥ ፓውንድ ከወርቅ በተላቀቀ ጊዜ አሁን አያስፈልግም አለ። እኛ ይህን ነቀፌታ ለማጽደቅ አንቸኵልም። በ1937 የልብ ሕመም ጣለው፤ ከዚያ ወዲያ ፍጹም ጤና አላገኘም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ተመልሶ ገባ። አሁን ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ሥራ ያጣ ሰው የለም፥ የሚገዛ ዕቃ ግን የለም። ለሥራ ማጣት ገንዘብ ይውጣ ያለው ሰው አሁን ምን ይል ይሆን? በ1940 ባወጣው መጽሐፍ ገንዘብ ይከልከል አለ። ከእያንዳንዱ ደመወዝ አንድ እጅ ተቈርጦ ከጦርነቱ በኋላ በሚከፈል ሒሳብ ይቀመጥ፤ ድኻው እንዳይጐዳ ለልጆች ቍጥር ድጎማ ይሰጥ፤ ለኑሮ የግድ የሚያስፈልገው ዕቃ ዋጋው ዝቅ ብሎ ይወሰን ሲል መከረ። የ1941 ባጀት ከዚህ ምክር እኩሌታውን ተቀበለ። በኋለኛው ዘመን በስሙ የማሉ መንግሥታት የ1936ቱን መጽሐፍ አንብበው የ1940ውን ሳያነቡ ቀሩ እንላለን። በ1975 በእንግሊዝ አገር የዕቃ ዋጋ ካለፈው ዓመት ይልቅ ከመቶ 24 እጅ በጨመረ ጊዜ፥ ሥራ ያጣውም ሰው አብሮ ሲበዛ፥ ጥፋቱ ሁሉ በሞተው ሰው ላይ ተላከከ። ዘይትን ያስወደዱት አገሮችና በየዓመቱ ሊከፈል የማይቻል ተስፋ የሰጡት ሚኒስትሮችም ድርሻ ነበራቸው።

በ1941 የእንግሊዝ ባንክ ከዳይሬክተሮቹ አንዱ አድርጎ መረጠው፤ ሞንታግዩ ኖርማን ገና ገዥ ነበረ። በ1942 ሎርድ ተባለ። በዚያው ዓመት ዊልያም ቤቨሪጅ ስለ ሕመምተኛ፥ ስለ ሽማግሌ፥ ስለ ባልቴትና ሥራ ስላጣ ሰው መጦሪያ ታላቁን ዕቅድ ሲያዘጋጅ ወደ ኬይንስ መጣ። የሚኒስቴሩ ሰዎች ወጪውን ፈርተው ነበር። ኬይንስ ከቤቨሪጅ ጋራ ተቀምጦ ሒሳቡን አብሮ መረመረ፤ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በመንግሥት ላይ የሚጨመረው ወጪ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ እንዳያልፍ ተስማምተው፥ ለዚህም የሽማግሌዎቹ ጡረታ በየጥቂቱ እንዲያድግ አደረጉ። ዕቅዱ በዲሴምበር በወጣ ጊዜ ሕዝቡ ለመግዛት ተሰልፎ ቆመ። አንዳንድ ሰው ይህን ቅነሳ በኬይንስ ላይ እንደ ጭካኔ ይቈጥርበታል። ነገር ግን የማይከፈል ጡረታ ለባልቴት ምን ይጠቅማታል? በ1944 ሜይ ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት የሥራ መጠን ከፍ ብሎ ጸንቶ እንዲኖር ማድረግ ከግዴታዎቹ አንዱ መሆኑን በይፋ አስታወቀ። ከ15 ዓመት በፊት ያው ሚኒስቴር ይህ የማይቻል ነው ብሎ ነበር።

በ1944 ጁላይ በአሜሪካ በብሬትን ዉድስ 44 መንግሥታት ስለ ዓለም ገንዘብ ለመምከር ተሰበሰቡ። አገራችን ኢትዮጵያም በአሜሪካ ሚኒስትሯ በብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅንና በባንኳ ገዥ በጆርጅ ብሎወርስ ተወክላ በዚያ ነበረች። ኬይንስ አስቀድሞ ባቀረበው ዕቅድ፥ ያበደረው አገር ከተበዳሪው ጋራ ሸክሙን እንዲካፈል፥ ተበዳሪውም ዕዳውን ለመክፈል ሕዝቡን ሥራ እንዲያሳጣ እንዳይገደድ የሚያደርግ አንድ የዓለም ባንክ ይቋቋም ብሎ ነበር። ያን ጊዜ አበዳሪዋ አሜሪካ ስለ ነበረች አልተቀበለችውም፤ የጸናው የሃሪ ዋይት ዕቅድ ሆነ። ቢሆንም በተቋቋመው የገንዘብ ድርጅት ደንብ መጀመሪያ ላይ፥ ከፍተኛ የሥራ መጠንን መርዳት ከዓላማዎቹ አንዱ ሆኖ ተጻፈ።

ጦርነቱ ባለቀ ጊዜ እንግሊዝ ባዶ እጇን ቀረች። ኬይንስ በ1945 ልቡ እየደከመ ወደ ዋሽንግተን ሄዶ ለብዙ ሳምንት ተከራከረ፤ በነፃ ወይም ያለ ወለድ ይሰጠናል ብሎ ያሰበውን 3 ሚሊያርድ 750 ሚሊዮን ዶላር በመቶ 2 ወለድ ተበድሮ ተመለሰ። አገሩ ያን ዕዳ ከፍላ የጨረሰችው በ2006 መጨረሻ ነው። በ1946 ማርች ደግሞ ስለ አዲሱ ድርጅት ለመነጋገር ወደ ሳቫና ሄደ፤ በተደረገውም ውሳኔ አዝኖ ተመለሰ።

በ1946 አፕሪል 21 ቀን፥ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር በትንሣኤ ዕለት፥ በቲልተን ባለው የገጠር ቤቱ በ62 ዓመቱ ሞተ። የመታሰቢያ ጸሎት በለንደን በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ሲደረግ አባቱና እናቱ በሕይወት ነበሩና የ93 ዓመቱ ሽማግሌ ከባለቤቱና ከልጁ ሚስት ጋራ ሆኖ ልጁን ለማሰብ ገባ። ዐመዱን ወንድሙ ጄፍሪ ከቤቱ በላይ ባሉት ኮረብቶች ላይ በተነው። አባቱ የሞተው በ1949 ኖቬምበር፥ ፓውንድ ከ4 ዶላር ከ3 ሳንቲም ወደ 2 ዶላር ከ80 ሳንቲም በወረደ በሁለተኛው ወር ነው፤ በዚያ ጊዜም በእንግሊዝ አገር ሥራ ያጣው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር።